የእማሆይ ምላጭ

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንናዘዝ፤ የእጅ ሥራ አይሆንልንም። ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት፤ ሦስታችንም አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን። አምፖል ሲቃጠል ጎረቤት የምንጠራ፣ ሚስማር ልንመታ ተነስተን አውራ ጣታችንን የምንመታ ዓይነት ሰዎች ነን። እንዲህ ያልነው ሰዎች አንድ አሮጌ ምላጭ ይዘን ከገና እስከ ፋሲካ ስንታገል ከረምን ብንል ማን ያምነናል? ግን ከረምን።

ምላጭ ስንል ያቺን በወረቀት ተጠቅልላ ሱቅ የምትሸጠዋን ማለታችን አይደለም። እንደ ሰንጢ የሚታጠፈውን፣ ድሮ ፀጉር አስተካካዮች በቆዳ ላይ እያፋጩ አንገት ሥር የሚያስጠጉትን ትልቁን ምላጭ ነው። በፊልም አይታችሁት ይሆናል፤ በፊልም ሲታይ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሊሞት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ገና፣ መንዝ ውስጥ ነው። እንደየዓመቱ ስኳርና ቡና አሸክማ የላከችን እናታችን ናት። (እሷ ራሷ መንዝ የምትሄደው ለለቅሶ ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቀናት አናውቅም። አንዳንድ ቤት የማይጠየቅ ጥያቄ አለ፤ የኛም ቤት እንደዚያ ነው።) ጣርማ በር ላይ ዋናውን አስፋልት ትተን ወደ ግራ ታጠፍን፤ ከመሐል ሜዳ ወዲያ ያለውን በእግራችን አዘገምን፤ እማሆይ ቤት ስንደርስ ጀምበር ጠልቃ ነበር። የመንዝን ብርድ ላልቀመሰው ሰው ማስረዳት ይቸግራል። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ነፋሱ ከጓሳ በኩል ሲነሳ ጃኬት መልበሳችሁን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የአገሬው ሰው ከበጉ ሱፍ ባና ሠርቶ ይደርባል፤ እኛም ሦስታችን በአንድ ባና ሥር ተኮራምተን አደርን።

እማሆይ የእናታችን እናት ናቸው። አያታችን ሲሞቱ መንኩሰው ቆብ ደፉ። በማግስቱ ከመካከላችን የአንዱ ጃኬት ቁልፍ ተበጥሶ ኖሮ መርፌና ክር ስንጠይቃቸው «ሙዳዩን አውርዱት» አሉን። አወረድነው። ውስጡ የክር ልቃቂት፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ የተሰበረ የአንገት መስቀል፣ ከሥር ደግሞ በሞራ ተነክሮ እንደ ቆዳ የደረቀ ጨርቅ ነበር። ጨርቁን ስንፈታው ምላጩ ወጣ።

ሲያዩት አያምርም ነበር። እጀታው እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ ሆኖ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል። ሚስማሮቹ ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት አለ። ስለቱ ግን ሲከፈት ከጥቁሩ መሐል አንድ ቦታ ላይ ብልጭ አለ፤ በዚያች ብልጭታ ተያዝን። «እማሆይ፣ ይኼን እንውሰደው? አድሰን እናመጣልዎታለን» አልን። እማሆይ ምላጩን አዩት፣ እህታችንን አዩዋት፣ ከዚያ ወደ እሳቱ ዞሩ። «ምን ያደርግላችኋል?» አሉ። አሰጡንም፣ አልከለከሉንም። እኛ ደግሞ እንደ ፈቃድ ቆጠርነው።

የምላጩን ታሪክ ከአጎቶቻችን ጠየቅን። አንደኛው፣ ቅድመ አያታችን አርበኛ ሳሉ ከጣሊያን መኮንን የማረኩት ነው አለ። ሌላኛው፣ የለም፣ በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ ሲዘምት ከዘመተ ዘመድ የመጣ ነው አለ። ሁለቱም ታሪክ ደስ ይላል፤ ሁለቱንም ለጓደኞቻችን አውርተናል (በተለያየ ቀን)። ችግሩ ዝገቱ ሲነሳ ከስለቱ ጭራ ላይ ጽሑፍ መውጣቱ ነው። «ሶሊንገን» ይላል። ሶሊንገን በጀርመን ያለች፣ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሰይፍና ቢላዋ ስትሠራ የኖረች ከተማ ናት፤ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሟ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ እዚያ ያልተሠራ ስለት «ሶሊንገን» ተብሎ ሊሸጥ አይችልም። ለማንኛውም ኋላ እማሆይን ስንጠይቃቸው ሳቁ። «ምን ጣሊያን አመጣችሁ! አያታችሁ በግ ሊሸጥ አዲስ አበባ ወርዶ፣ የሁለት በግ ዋጋ ከፍሎ ካረብ ሱቅ ገዛው። ስንት ቀን ተጣላሁት መሰላችሁ!» የአርበኛው ምላጭ በዚህ ተዘጋ።

አዲስ አበባ ስንመለስ የኮንዶሚኒየማችንን በረንዳ ወርክሾፕ አደረግነው። የመጀመሪያው ተስፋችን እጀታው ነበር። ቢጫነቱን አይተን የዝሆን ጥርስ ነው ብለን ደምድመናል፤ ከመካከላችን አንዱ ዋጋ እስከ መጠያየቅ ሄዷል። እርግጠኛ ለመሆን ከስንጥቁ ጥፍር የምታህል ፍቅፋቂ አንስተን ክብሪት ጫርንባት። ቦግ! ብላ አንድ ጊዜ ጠፋች፤ ሽታዋ እንደ ቪክስ ነው። የዝሆን ጥርስ እንዲህ አይነድም። ሴሉሎይድ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዝሆን ጥርስን እንዲተካ ከተፈጠሩት የመጀመሪያዎቹ ፕላስቲኮች አንዱ፣ የድሮ ፊልም የሚሠራበትና ስንት ሲኒማ ቤት ያቃጠለው የዚያ ቁስ የቅርብ ዘመድ። ሽታውም አለምክንያት አይደለም፤ ካምፎር አለበት፣ ቪክስም ውስጥ ካምፎር አለ።

ሴሉሎይድ ደግሞ ሌላ አመል አለው። ሲያረጅ መፈራረስ ይጀምራል፤ ሲፈራርስ አሲድነት ያለው ትነት ያወጣል፤ ትነቱ ታጥፎ ውስጡ የተኛውን ብረት ይበላል። የኛ ምላጭ የዛገው በብዛት እጀታው ውስጥ የሚገባው ክፍል ላይ መሆኑ ያኔ ገባን። እማሆይ በጨርቅ ጠቅልለው ሞራ ቀብተው ከአየሩ ጠብቀውታል፤ የሚበላው ግን አብሮት ተጠቅልሎ ነበር። ስለዚህ እጀታውን ጠግኖ መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ አዲስ መሥራት ነው።

ምክር ፍለጋ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድን። ምናለሽ ተራን የማታውቁ ካላችሁ፣ አዲስ አበባ የጣለችው ብረት ሁሉ ተቀጥቅጦ፣ ተቆርጦ፣ ተበይዶ ሌላ ዕቃ ሆኖ የሚወጣበት ሰፈር ነው። መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ ስለማያርፍ ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው። እዚያ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ አገኘን። ምላጩን ተቀብለው በጥፍራቸው ነካ አደረጉት፤ ድምፁን ሰሙ፤ «ብረቱ ደህና ነው» አሉ። ደስታችን ገና ሳያልቅ ከመካከላችን የሚቸኩለው «በግራይንደር አንዴ ቢያስነኩልንስ?» አለ። ሰውዬው ምላጩን ወዲያው መለሱልን። የተቀየሙ ነው የሚመስሉት።

«እንዲህ ያለ ስስ ብረት ማሽን ከነካው ዓይንህን ሳትጨፍን ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄደ። ከዚያ ቅቤም አይቆርጥልህ። በእጅህ አርገው፣ በእጅህ!» አሉት። ዝገቱን ላምባ ውስጥ አሳድሩት፤ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው እየሄዳችሁ በውኃ እሹት፤ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነውን ጠባሳ ሁሉ ላጥፋ አትበሉ፣ ጠባሳውን ስታሳድዱ ብረቱ ያልቅባችኋል። ምክራቸው ይኼው ነበር። ገንዘብም አልተቀበሉን፤ የናስ ሽቦ በሃያ ብር ሸጡልን።

ሚስማሮቹን ሞርደን አናታቸውን አጥፍተን በቀጭን ብረት መትተን አወጣናቸው። ከዚያ ሥራው መፈተግ ብቻ ሆነ። ማታ ማታ፣ እራት በልተን፣ ዜና ከፍተን፣ ተራ በተራ። ቁጥር 400፣ ከዚያ 800፣ ከዚያ 1,500፣ ከዚያ 2,000። ጣታችን ጥቁር ሆነ፤ የእህታችን የቢሮ ባልደረቦች መካኒክ አግብተሻል ወይ አሏት። አሰልቺ ነበር ብንላችሁ ግን እንዋሻለን። ስልክ የማይነካበት አንድ ሰዓት በቤታችን ከተገኘ ስንት ዓመቱ!

አንድ ምሽት ሁለታችን እየፈተግን እናታችን ቡና ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ የተኛውን ምላጭ አየችው። ያን ጊዜ ዝገቱ ለቆ ስለቱ መንጣት ጀምሯል። ረከቦቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ከየት አመጣችሁት?» አለች። «ከእማሆይ። ስናድሰው እኮ…» ብለን ልናስረዳት ስንጀምር ወደ ውስጥ ገባች። ቡናው ሲኒ ውስጥ ቀዘቀዘ። ስለታም ነገር ሜዳ ላይ ስለተውን የተቆጣች መስሎን ከዚያ ወዲህ በሥነ ሥርዓት በጨርቅ እየሸፈንን አስቀመጥነው። እህታችን ግን «እማዬን እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም» አለች፤ ሌላ ማናችንም ምንም አላልንም።

ወደ እጀታው እንለፍ። ለገና ቅርጫ የታረደው በሬ ሁለት ቀንዶች ከመንዝ ይዘን መጥተናል። የመጀመሪያው ቀንድ ታሪኩ አጭር ነው። በሴጌቶ ቆረጥነው፣ የታጠፈውን ለማቃናት ከሰል ላይ አስጠጋነው፣ ተቃጠለ፣ ተሰነጠቀ። ቀንድ የተሠራው ከጥፍርና ከፀጉር ቁስ ነው፤ እንግዲህ አንድ ሙሉ ሰው ፀጉሩ ሲቃጠል የሚሸተውን አስቡትና ወደ አራተኛ ፎቅ ላኩት። አራት በር ተንኳኳ። አንዲት ጎረቤታችን ጠንቋይ ቤት ተከፈተ ወይ ብለው ጠይቀዋል።

ለሁለተኛው ቀንድ ወደ ምናለሽ ተራው ሽማግሌ ተመለስን። «ቀንድን ማን በእሳት ያቃጥለዋል? ይቀቀላል እንጂ!» አሉ። እውነትም ቀንድ ሲቀቀል ይለሰልሳል፤ ለስላሳ ሳለ ጨቁነው ቢያቀዘቅዙት የተጨቆነበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ከሁለት ሰዓት በላይ ቀቀልነው፤ በሁለት ጣውላ መሐል አድርገን በሞርሳ ጨቆንነው፤ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ሩብ ዙር አጥብቆ መጠበቅ፣ እንደገና መቀቀል፣ እንደገና ሩብ ዙር። በሦስተኛው ቀን ሁለት ጠፍጣፋ ገበታዎች ወጡልን። በብርሃን ፊት ሲያዙ ዳራቸው እንደ ጠጅ ነው፤ መሐላቸው ላይ ጥቁር እንደ ጭስ ያልፋል። በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ቅርጽ አስያዝናቸው፣ በኑግ ዘይት አሸናቸው። ከታች፣ ሁለቱ ገበታዎች በሚገናኙበት፣ ምላጩ ሲታጠፍ ስለቱ ቀንዱን እንዳይነካ ርቀት የምትጠብቅ ሽብልቅ ትገባለች፤ እሷን ከወይራ ቀረጽናት። አራት ቀርጸን አራተኛዋ ሆነች።

ከሁሉ የከበደው ሚስማሩ ነው። በትራፓኖ ቀጭን ቀዳዳ ትበሳላችሁ፤ የናሱን ሽቦ ታሳልፋላችሁ፤ ከዚያ ጫፉ እንደ እንጉዳይ እስኪደፋ ድረስ በትንሽ መዶሻ መታ፣ መታ፣ መታ። አንዴ ከጠነከረ ቀንዱ ይሰነጠቃል፤ ከላላ ምላጩ ይወዛወዛል። ሲታጠፍ በሁለቱ ገበታዎች መሐል ሳይነካካ መግባት አለበት። መዶሻውን የያዘችው እህታችን ናት። ሁለታችን ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። ሲያልቅ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ከፈተችው። ድምፅ የለውም።

ስለቱን መሳል ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የዚህ ምላጭ ብልሃቱ፣ ጀርባው ወፍራም መሆኑ ነው። ድንጋዩ ላይ ሲተኛ ጀርባውም ስለቱም አብረው ድንጋዩን ይነካሉ፤ ስለዚህ ማዕዘኑን የሚጠብቀው እጃችሁ ሳይሆን ምላጩ ራሱ ነው። ድንጋዩ ላይ ስለቱ ይቀድማል፤ ቆዳ ላይ ሲፋጭ ደግሞ ጀርባው ይቀድማል፤ ተሳስታችሁ ብትገለብጡት ቆዳው ይቆረጣል (ተቆርጧል፣ የአባታችን ቀበቶ ነበር)። ለስላሳውን ድንጋይ ከውጭ የመጣ ወዳጃችን ይዞልን መጣ። ድንጋዩ ላይ ስናስተኛው ግን አንድ ነገር አየን። ጫፉና ተረከዙ ድንጋዩን ሲነኩ መሐሉ አይነካም። ስለቱ መሐሉ ላይ ወደ ውስጥ ተበልቷል፤ ለዓመታት በአንድ ቦታ ብዙ ተስሎ፣ በዚያው ቦታ ብዙ ሠርቶ። ለማስተካከል ጫፍና ተረከዙን አውርደን መሐሉ ላይ መድረስ ነበረብን። አወረድን። ግራም ነገር ከብረቱ ሳይቀነስ አልቀረም፤ ድንጋዩ ላይ የቀረው ጥቁር ውኃ ተጠርጎ ሄደ።

በአልኮል አጽድተን የሞከረው ታላቃችን ነው። ጉንጩን አንድ ቦታ ቆረጠ፤ ሌላው ግን እንደ ሕፃን ሆነ። ይህን ምላጭ ከዓለም ያስወጡት ብዙ ነገሮች ናቸው። ጂሌት በ1904 እ.ኤ.አ. ተለዋጭ ስለት ባለው መላጫ የፈጠራ መብት አገኘ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደር ይዞት ዞረ፤ ሰው ራሱን መላጨት ለመደ። እኛ አገር ደግሞ ኤች አይ ቪ ስለታም ነገር በጋራ መጠቀምን አስፈሪ አደረገው፤ ፀጉር ቤቶቻችንም በቶንዶስ ተሞሉ። ጥሩ ነው የሆነው። አንድ ምላጭ ለአንድ መንደር የሚባለው ነገር ግን እኛ ካሰብነው በላይ ቅርባችን ነበር።

ፋሲካን መንዝ ዋልን። እናታችን ስኳርና ቡናውን ሰጠችን፤ ምላጩን ይዘን መሄዳችንን ታውቃለች፤ ስለሱ አልተናገረችም።

እማሆይ ምላጩን ሲያዩ በመጀመሪያ የነኩት እጀታውን ነው። «ይኼን ማን ሠራው?» «እኛ።» «እናንተ?» «አዎ፣ ቀንዱ የገናው በሬ ነው።» እማሆይ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። «ወይ ጉድ! የልጅ ልጆቼ ባለእጅ ሆነው አረፉት!» ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። በኛ አገር ብረት የሚነካ ሰው ላይ የኖረውን ስድብ ታውቁታላችሁ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ አስነግረዋል፣ ስድቡ ግን አዋጁን ቆሞ አሳለፈው። የዚያን ቀን ለኛ ስድብ አልመሰለንም። ደረታችንን ነፋን።

ጎረቤቱ ሲበተን፣ ማታ፣ እሳት ዳር፣ እህታችን ምላጩን ከፍታ መሐሉን አሳየቻቸው። «እማሆይ፣ እዚህ ጋ በጣም ተበልቶ ነበር። መሐሉን ምን በላው?»

«ሰው ነዋ» አሉ እማሆይ።

ከዚያ መቁጠር ጀመሩ። የወንዱ ልጅ ቁንጮ፣ ዙሪያው የሚላጨው በዚህ ነው። የሴቷ ሳዱላ፣ መሐል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው የሚቀረው፣ እስክትዳር ድረስ በዚህ ነው። ሰው ሲሞት ሐዘንተኛው ራሱን የሚላጨው በዚህ ነው። እሳቸው ሲመነኩሱም በዚህ ነው። ቤት ለቤት ይዞር ነበር፤ ሲመለስ በጥቁሩ ድንጋይ ይስሉታል። ቆጥረው ሲጨርሱ ዝም አሉ። እኛ ያለቀ መስሎን ነበር።

«የሴቶቹም ነገር አለ» አሉ።

እህታችን ምላጩን ዘጋችው።

«ምላጩ የኔ ነው፤ እጁ የሌላ ነው። ባልቴቷ ትመጣለች፣ ስጭኝ ትላለች፣ እሰጣታለሁ። በስምንተኛው ቀን። ልጅ ነች፣ አታስታውሰውም ይባላል።»

«እማዬንም?» አለች እህታችን።

«እናትሽንም።»

እሳቱን ቆሰቆሱት። ቀጠሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። እህታችን በ1984 ዓ.ም. ስትወለድ እማሆይ ቅቤና የገንፎ እህል ይዘው አዲስ አበባ መጡ። ከቋጠሮው ሥር ምላጩ ነበር። እናታችን ገና አራስ ናት፤ ቅቤውን ልታወጣ ቋጠሮውን ስትፈታ አገኘችው። አልጮኸችም አሉ። መልሳ ቋጠረችው፣ ለራሳቸው አስያዘቻቸው፣ በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሰው አስሸኘቻቸው። «ልጅሽን እየጎዳሻት ነው፣ ባል አታገኝም፣ ዕቃ የምትሰብር ትሆናለች አልኳት። ያኔ እንደዚያ ነበር የምናውቀው። ‹ትስበር› አለችኝ።» እህታችን ትምህርት ቤት እስክትገባ መንዝን አላየችም። እናታችን ለለቅሶ ካልሆነ አልመጣችም።

በየስንቱ ቤት እንዲህ ያለ ንግግር ተደርጎ ወይም ሳይደረግ ቀርቶ ይሆን? በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገራችን ሴቶች 80 ከመቶዎቹ የተገረዙ ነበሩ፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 65 ከመቶ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ድርጊቱን ወንጀል አድርጎታል። እናታችን ግን በ1984 ሕግም ጥናትም አልነበራትም፤ የስምንት ቀን ልጅ ነበራት።

«ከዚያስ?» አልናቸው። «ከዚያማ የጤናዋ ልጅ መጣች» አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ነው። ሴቶቹን ሰብስባ አስተማረች፤ ምላጭ ለየራስ ነው አለች፤ ስለ ሴቶቹም ተናገረች። እማሆይ ያን ቀን ቤታቸው ገብተው ምላጩን ጠቅልለው ሙዳይ ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም አልሰጡም።

«ታዲያ ለምን ሞራ ቀቡት? ለምን አልጣሉትም?» አለ ከመካከላችን አንዱ። ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር።

«ብረቱ ምን አጠፋ?» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ጥዬውስ ልጅ ቢያገኘው?»

ሌሊቱን በዚያው ባና ሥር አንዳችንም አልተኛንም። ለሦስት ወር ተኩል ስናሻሽ የከረምነው ነገር ምን እንደሆነ እያሰብን ነበር። ታላቃችን ጉንጩን ይዞ ተኝቷል። ሌላኛው ጠዋት ገደል እንወርውረው አለ። እህታችን ናት እምቢ ያለችው። «ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ጠዋት ልንሰጣቸው ስንል እማሆይ አልተቀበሉንም። ራሳቸውን የምትላጫቸው የጎረቤት ልጅ ናት፤ ከሱቅ በምትገዛ ምላጭ፤ አንዴ ላጭታ ትጥለዋለች። «እናንተው ውሰዱት» አሉ።

እማሆይ በ2013 ዓ.ም. አረፉ። እናታችን ከቀብሩ እስከ አርባው ድረስ መንዝ ተቀመጠች፤ ልጆች ሆነን ካየነው ሁሉ ረጅሙ የመንዝ ቆይታዋ ነው። ከዚያ ወዲህ ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱም እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም፤ የእማሆይን ቤት ካየነው ቆየን።

ምላጩ የሳሎኑ መሳቢያ ውስጥ ነው። እማሆይ የነገሩንን ለእናታችን ተቀምጠን አልነገርናትም፤ ከፋሲካ ስንመለስ በር ላይ ፊታችንን አይታ ያወቀች ይመስለናል። እህታችንን ብቻ ከወትሮው አርዝማ አቅፋታለች። ከአርባው በተመለሰች በሳምንቱ፣ መሳቢያው ውስጥ መቀስ ስትፈልግ ምላጩን አገኘችው። እንደታጠፈ አንስታ ወደ መስኮቱ ሄደችና እጀታውን በብርሃኑ ፊት አገላብጣ አየችው።

«ቀንዱ ያምራል» አለች።

ሳትከፍተው መልሳ አስቀመጠችው።